ከአይአርኤስ ጋር ሳይጣሉ መኖር፦ የአሜሪካ ፌደራል ታክስ ከመሙላት እስከ ደብዳቤ

ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው 4,131 ዶላር የፌደራል ታክስ አለባቸው እንበል። ኤፕሪል 15 ሲደርስ ሁለቱም እጃቸው ባዶ ነው። አንደኛው «ገንዘቡ ባይኖረኝም ፎርሙ ይሂድ» ብሎ ሞልቶ ይልካል። ሌላው «የምከፍለው ሳይኖረኝ ሞልቼ ምን ሊፈይድልኝ» ብሎ ይተወዋል። አምስት ወር ቆይቶ፣ ሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ፣ የመጀመሪያው ቅጣት 103 ዶላር ገደማ ነው። የሁለተኛው 1,033 ዶላር። ዕዳው አንድ ዓይነት፣ ቅጣቱ አሥር እጥፍ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አለመክፈል በወር 0.5 በመቶ ያስቀጣል። አለመሙላት ግን በወር 5 በመቶ፣ በአምስት ወር ውስጥ 25 በመቶ ይደርሳል። (ሁለቱ ባንድ ላይ ሲመጡ ያለመክፈሉ ከ5 በመቶው ውስጥ ይታሰባል፤ ወለድ ግን ለሁለቱም በየቀኑ ይጨመራል።) ስለዚህ ከዚህ በታች ካለው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህን ይያዙ፦ ባይከፍሉም ይሙሉ።

ቁጥሮቹ የ2025 የታክስ ዓመት ናቸው፤ በ2026 የሚሞላው ማለት ነው። የስቴት ታክስ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የራሱ ፎርም፣ አንዳንዴም የራሱ ቀን አለው።

1. መጀመሪያ የሚሞሉ መሆንዎን ይለዩ

ግሪን ካርድ ይዘው አሜሪካ ከገቡበት ቀን ጀምሮ ለታክስ የሚታዩት እንደ ዜጋ ነው፤ ገቢዎ ከቨርጂኒያም ይምጣ ከአዲስ አበባ ይነገራል። ግሪን ካርድ የሌለው፣ ለምሳሌ የጥገኝነት ጉዳዩን እየጠበቀ በሥራ ፈቃድ የሚሠራ ሰው፣ የሚለየው በቀን ቆጠራ ነው። በዓመቱ ቢያንስ 31 ቀን እዚህ ኖሮ፣ የዚህ ዓመት ቀኖች ሙሉ በሙሉ፣ ያለፈው ዓመት ሲሶ፣ ከዚያ በፊት ያለው ዓመት አንድ ስድስተኛ ተደምረው 183 ከሞሉ እሱም እንደ ነዋሪ ይሞላል። በተማሪ ቪዛ ያሉ አብዛኛውን ጊዜ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ከዚህ ቆጠራ ውጭ ናቸው።

ከ65 ዓመት በታች ለሆነ ላጤ 15,750 ዶላር፣ አብረው ለሚሞሉ ባልና ሚስት 31,500 ዶላር፣ ለቤተሰብ ኃላፊ 23,625 ዶላር ገቢ ላይ ሲደረስ መሙላት ግዴታ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ እነዚህ ቁጥሮች ለተቀጣሪ ናቸው። በራስዎ ሥራ፣ በታክሲ፣ በዴሊቨሪ፣ በቤት ጽዳት፣ በጸጉር ሥራ ከወጪ በኋላ 400 ዶላር ከተረፈዎት መሙላት አለብዎት። አራት መቶ ነው፣ አራት ሺህ አይደለም።

ግዴታ ባይኖርብዎትም ከደሞዝዎ ታክስ ተቆርጦ ከሆነ ይሙሉ። ሪፈንድ (በትርፍ የተቆረጠውን ገንዘብ) ለመጠየቅ ያለው ጊዜ ሦስት ዓመት ነው፤ ካለፈ ገንዘቡ ለመንግሥት ይቀራል።

2. ወረቀቱን ሳያሟሉ አይቸኩሉ

ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ «ቶሎ ሪፈንድ» እያሉ በመጨረሻው የደሞዝ ቼክ ቁራጭ የሚሞሉ አሉ። እንዲህ አያድርጉ። ደብሊው-2 (የተቀጣሪ የዓመት ደሞዝ ወረቀት)፣ 1099-ኤንኢሲ (ሳይቀጠሩ ለሠሩት ሥራ የተከፈለ)፣ 1099-ኬ (በአፕ ወይም በካርድ የተከፈለ)፣ የባንክ ወለድ፣ የሥራ አጥ ክፍያ 1099-ጂ፦ ለእርስዎ የሚላከው እያንዳንዱ ወረቀት ቅጂው ለአይአርኤስ፣ ማለትም ለፌደራል ታክስ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት፣ ይሄዳል። የእርስዎን ፎርም ከእነዚህ ቅጂዎች ጋር የሚያስተያየው ኮምፒውተር ነው፤ ኮምፒውተር ደግሞ አይረሳም። ልዩነት ካገኘ ደብዳቤው ሪፈንዱን በልተው ከጨረሱ በኋላ፣ አንዳንዴ ከዓመት በላይ ቆይቶ ይመጣል።

በተለይ የሚረሳ አንድ ወረቀት አለ፤ 1095-ኤ። የጤና ኢንሹራንስ ከመንግሥት ማርኬትፕሌስ ገዝተው በየወሩ ድጎማ ካገኙ ይህ ወረቀት የግድ ነው። ያለሱ የተላከ ፎርም ወይ ይመለሳል ወይ ሪፈንዱ ይያዛል። ገቢዬ ይህን ያህል ይሆናል ብለው ከተመዘገቡት በላይ ካገኙ ከድጎማው ከፊሉ የሚመለሰውም እዚያ ላይ ነው።

የትኛው ወረቀት እንደቀረ እርግጠኛ ካልሆኑ በአይአርኤስ ድረ ገጽ የግል አካውንት ይክፈቱ። በስምዎ የተላኩት የገቢ ወረቀቶች ዝርዝር «ዌጅ ኤንድ ኢንካም ትራንስክሪፕት» በሚለው ስር ይታያል፤ የዚያው ዓመት ሙሉ ለሙሉ እስኪገባ ግን ወራት ይወስዳል። እዚያው እያሉ «አይፒ ፒን» የሚባለውን ስድስት አኃዝ ቁጥር ያውጡ። ያ ቁጥር ካለ ሌላ ሰው በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎ (በሶሻልዎ) ታክስ ሞልቶ ሪፈንድ ሊወስድ አይችልም።

ወረቀት አልመጣም ማለት ታክስ የለም ማለት አይደለም። 1099-ኤንኢሲ በ2025 ለተከፈለ 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ይወጣል፤ በ2026 ለሚከፈል ወደ 2,000 ዶላር ከፍ ብሏል። ይህ ወረቀት አውጪውን እንጂ እርስዎን አይመለከትም። በካሽም ሆነ በዜል የተቀበሉት የሥራ ገንዘብ ገቢ ነው።

3. የቤተሰብ ሁኔታ፦ ብዙ ጣጣ ያለበት ሳጥን

ፎርሙ ላይ ላጤ፣ ባለትዳር፣ የቤተሰብ ኃላፊ የሚሉ ሳጥኖች አሉ። አንድ ቤት ውስጥ እየኖሩ ባልም ሚስትም «ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ» (የቤተሰብ ኃላፊ) ብለው፣ ልጆቹን ተከፋፍለው የሚሞሉበት ልማድ ሰፊ ነው። ሪፈንዱ ያምራል፤ ግን ሕገ ወጥ ነው። ባለትዳር በዚህ ሳጥን የሚገባው የዓመቱን የመጨረሻ ስድስት ወር ከትዳር ጓደኛው ተለይቶ ከኖረ፣ ልጁ ከዓመቱ ከግማሽ በላይ አብሮት ከነበረና የቤቱን ወጪ ከግማሽ በላይ ከሸፈነ ነው። በዚህ መንገድ ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሠራተኛ የሚሰጠውን የገቢ ድጎማ ክሬዲት ወስዶ የተያዘ ሰው ገንዘቡን ከመመለሱ ሌላ ክሬዲቱን ለ2 ዓመት፣ ማጭበርበር ከተባለ ለ10 ዓመት ይከለከላል።

ሚስትዎ ወይም ባልዎ አዲስ አበባ ካሉስ? ያገባ ሰው ላጤ አይደለም፤ ትዳሩ የተፈጸመበት አገር ለውጥ የለውም። ምርጫው «ባለትዳር፣ ለየብቻ» ብሎ መሙላት፣ ወይም የትዳር ጓደኛን እንደ ነዋሪ ለማስቆጠር የተፈረመ መግለጫ አያይዞ አብሮ መሙላት ነው። አብሮ ሲሞላ የእሷ ወይም የእሱ የኢትዮጵያ ገቢም ይገባል፤ ሶሻል ለሌለው በፎርም ደብሊው-7 አይቲን የሚባል የታክስ መለያ ቁጥር ይወጣል። «ላጤ» ብለው ለሦስት ዓመት ሞልተው በአራተኛው ዓመት ለትዳር ጓደኛ ቪዛ ሲያስገቡ ሁለቱ ወረቀቶች ይጋጫሉ። የኢሚግሬሽን መርማሪ ደግሞ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጦ ነው የሚጠይቅዎ።

ሌላው የአገር ቤት ወላጅ ነው። በየወሩ 300 ዶላር የሚልኩላቸው እናት፣ ሙሉ በሙሉ እርስዎ ቢያስተዳድሯቸውም፣ ዲፔንደንት (በታክስዎ ላይ እንደ ጥገኛ የሚጻፍ ሰው) አይሆኑም። ዲፔንደንት የሚሆነው የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ፣ ወይም የካናዳና የሜክሲኮ ነዋሪ ብቻ ነው። የሚልኩት ገንዘብም ተቀናሽ አይደለም። በቀጥታ ለአገር ቤት ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የሰጡትም እንዲሁ፤ የሚቀነሰው እዚህ አገር ለተቋቋመ የበጎ አድራጎት ድርጅት የተሰጠ ነው፣ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ የድርጅቱ ደብዳቤ ይጠየቃል።

4. በራስ ሥራ የሚተዳደሩ

ተቀጣሪ ታክሱ ከእጁ ሳይገባ ይቆረጣል። ችግር ቢገጥመው ሁለት ሥራ ሲኖረው ነው፤ ሁለቱም አሠሪዎች ሙሉውን ተቀናሽ ስለሚያስቡለት የሚቆረጠው ያንሳል። መድኃኒቱ ለአሠሪ በሚሰጠው የታክስ ተቀናሽ ፎርም፣ ደብሊው-4 ላይ ደረጃ 2ን መሙላት ነው። በ1099 የሚሠራ ግን የሚቆርጥለት የለም፤ ሙሉውን ተቀብሎ፣ ሙሉውን አውጥቶ፣ ኤፕሪል ላይ ይደነግጣል።

ሒሳቡን ከላይ ባነሳነው 4,131 ዶላር እንየው። ላጤ የአፕ ታክሲ ሹፌር ነው፤ ቲፑን ለጊዜው እንተወው። በ1099-ኬ 68,000 ዶላር ተጽፎለታል። ይህ ቁጥር ተሳፋሪው የከፈለው ነው እንጂ ባንክ የገባለት አይደለም፤ ኩባንያው የወሰደው 22,000 ዶላር እዚያው ውስጥ አለ። ይህ ዝርዝር ከአፑ ዓመታዊ ማጠቃለያ ይገኛል፤ እሱን ሳያወርዱ ታክስ ሠሪ ዘንድ መሄድ ያልበሉትን ዕዳ መክፈል ነው። ለሥራ የነዳው 28,000 ማይል በ70 ሳንቲም 19,600 ዶላር ይሆናል። የመንገድ ቀረጥና የስልክ የሥራ ድርሻ 1,400 ዶላር። የቀረው ትርፍ 25,000 ዶላር ነው።

መጀመሪያ የራስ ሥራ ታክስ፤ ማለትም ለተቀጣሪ አሠሪው ግማሹን የሚከፍልለት ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር። የትርፉ 92.35 በመቶ በ15.3 በመቶ ሲባዛ 3,532 ዶላር ይመጣል። ከዚያ የገቢ ታክስ፦ የዚህ ግማሽ 1,766 ዶላር ይቀነሳል፤ ለላጤ የሚፈቀደው መደበኛ ተቀናሽ 15,750 ዶላር ይቀነሳል፤ ለራስ ሥራ የተፈቀደው ተጨማሪ ተቀናሽ 1,497 ዶላር ይቀነሳል፤ 5,987 ዶላር ይቀራል፤ 10 በመቶው 599 ዶላር። ድምሩ 4,131። የገቢ ታክሱ ከስድስት መቶ አይበልጥም፤ ወገብ የሚያጎብጠው የመጀመሪያው ነው። «ገቢዬ ትንሽ ስለሆነ ታክስ የለብኝም» የሚለው ሐሳብ የሚሰበረውም እዚህ ላይ ነው።

አሁን ማይሉን ያንሱት። ማስረጃ የሌለው ማይል ኦዲት ላይ ይሰረዛል፤ 25,000 የነበረው ትርፍ 44,600 ይሆናል። አፑ የሚመዘግበው አብዛኛውን ጊዜ ተሳፋሪ ያለበትን ማይል ነው፤ አፑን ከፍተው ጥሪ ሲጠብቁና ወደ ተሳፋሪው ሲሄዱ የነዱት ግን የራስዎ መዝገብ ይፈልጋል። መዝገቡ ቀን፣ የት እንደሄዱ፣ ለምን፣ ስንት ማይል የሚል መሆን አለበት፤ ጃንዋሪ 1 እና ዲሴምበር 31 ላይ የመኪናውን ቆጣሪ ፎቶ ያንሱ። በዓመቱ መጨረሻ ባንድ ብዕርና ባንድ ቀለም የተጻፈ ደብተር ከሩቁ ያስታውቃል።

የማይሉን ተመን ከወሰዱ ነዳጅ፣ ጥገና፣ ኢንሹራንስና የመኪናውን እርጅና ደግሞ ለብቻ መቀነስ አይቻልም፤ ሁሉም በ70 ሳንቲሙ ውስጥ አሉ። የመንገድ ቀረጥና የፓርኪንግ ክፍያ ግን ለብቻ ይቀነሳል። የራስዎ መኪና ከሆነ በመጀመሪያው የሥራ ዓመት በማይል ካልጀመሩ በኋላ መመለስ ስለማይቻል የመጀመሪያውን ዓመት አስበው ይምረጡ።

ለትራክ ሹፌሮች ሁለት ነገር ብቻ። 55,000 ፓውንድና ከዚያ በላይ የሆነ ትራክ በስምዎ ካለ ፎርም 2290 (የከባድ መኪና ታክስ) በየዓመቱ ይሞላል፤ በጁላይ መንዳት ለጀመረ የመጨረሻው ቀን ኦገስት 31 ነው። ከቤት ርቀው ለሚያድሩበት ቀን የምግብ አበል መቀነስ የሚቻለው በ1099 ለሚሠራ ነው፤ ደብሊው-2 የሚያገኝ ሹፌር ከፌደራል ታክስ አይቀንስም።

ስለ ቲፕ ብዙ ስለተወራ፦ ከ2025 እስከ 2028 ቲፕ በሚለመድባቸው ሥራዎች እስከ 25,000 ዶላር ቲፕ ከገቢ ታክስ ይቀነሳል። ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር ግን ይከፈልበታል፤ ተቀናሹም የሚገኘው ለተነገረ ቲፕ ነው። ያልተናገሩትን መቀነስ አይቻልም።

ቅድመ ክፍያ

ዓመቱ ሲያልቅ 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ዕዳ የሚጠብቅዎት ከሆነ በዓመት አራቴ አስቀድመው ይከፍላሉ፦ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15፣ ጃንዋሪ 15። ልብ ይበሉ፣ ቀኖቹ በየሦስት ወሩ አይደሉም፤ ከኤፕሪል እስከ ጁን ሁለት ወር ብቻ ነው። ስንት ይከፈል ለሚለው የማያሳስበው መንገድ ያለፈውን ዓመት ጠቅላላ ታክስ ለአራት ማካፈል ነው። ሹፌራችን 4,131 ለአራት፣ 1,033 ዶላር ይከፍላል። ዘንድሮ ገቢው በእጥፍ ቢያድግ እንኳ በቅድመ ክፍያ ጉድለት አይቀጣም፤ ልዩነቱን ኤፕሪል ላይ ይከፍላል። ያለፈው ዓመት ገቢው ከ150,000 ዶላር በላይ የነበረ ሰው ግን 110 በመቶውን ይከፍላል።

ክፍያው በአይአርኤስ «ዳይሬክት ፔይ» ከባንክ በነጻ ይሄዳል። ስህተቱ የሚፈጠረው ዓመት ሲመረጥ ነው፤ ጃንዋሪ 15 ቀን 2027 የሚከፈለው የ2026 ነው። 2027 ብለው ከመረጡ ገንዘቡ ለማይፈልጉት ዓመት ተመዝግቦ የ2026 ዕዳ ይመጣብዎታል። የማረጋገጫ ቁጥሩን ስክሪንሾት አድርገው ያስቀምጡ።

ሠራተኛ ከቀጠሩ

ሬስቶራንት፣ ግሮሰሪ፣ የአረጋውያን እንክብካቤ ያላችሁ፣ ከሠራተኛ ደሞዝ የተቆረጠው ታክስ የእናንተ ገንዘብ አይደለም። «ኪራዩን ከፍዬበት በኋላ እተካዋለሁ» ያለ ሰው ኤልኤልሲው (ቢዝነሱን ያስመዘገበበት ድርጅት) አያድነውም፤ ያልተላከው የሠራተኛ ድርሻ ሙሉ በሙሉ ከባለቤቱ ከግል ኪሱ፣ ቼክ ከሚፈርመው ሰው ጭምር ሊጠየቅ ይችላል። ሰዓቷን እርስዎ የሚወስኑላትን አስተናጋጅ በ1099 መክፈልም መፍትሔ አይሆንም።

5. ታክስ ሠሪ ሲመርጡ

ፎርሙ ላይ የፈረመው እርስዎ ነዎት። ታክስ ሠሪው የፈጠረው ልጅ፣ የፈጠረው ኪሳራ፣ የፈጠረው ቢዝነስ ሁሉ ሲመጣ የእርስዎን በር ነው የሚያንኳኳው። ስለዚህ፦

ክፍያዬ ከሪፈንዱ ይህን ያህል በመቶ ነው የሚልን ይተዉት። ፒቲን የሚባል የአይአርኤስ ቁጥር ይኑረው፤ ራሱም ይፈርም። ገንዘብ ተቀብሎ «ራስህ የሠራኸው አስመስለን እንላከው» የሚል ሰው ችግር ሲመጣ ስልኩን አያነሳም። ታክሱ በኮምፒውተር እንዲላክ የሚፈቅዱበትን ፎርም 8879 ከመፈረምዎ በፊት ዋናውን የታክስ ፎርም፣ 1040ን፣ ሙሉውን ይጠይቁና ሦስት ቦታ ይመልከቱ፦ ከላይ የዲፔንደንቶቹን ስም፣ ሼጁል ሲ (የራስ ሥራ ገቢና ወጪ የሚጻፍበት) ካለ ቢዝነሱ የእርስዎ መሆኑንና ወጪዎቹን፣ ከዚያ ሁለተኛው ገጽ ላይ መስመር 35ዲን። እዚያ ያለው የባንክ ሒሳብ ቁጥር የእርስዎ ካልሆነ አይፈርሙ። ዕዳ በቼክ ሲከፈልም ቼኩ «ዩናይትድ ስቴትስ ትሬዠሪ» ተብሎ ይጻፋል፤ በታክስ ሠሪው ስም አይጻፍም።

ገቢዎ መካከለኛና ከዚያ በታች ከሆነ ቪታ የሚባሉት ነጻ ማዕከላት ቀላል ፎርሞችን በነጻ ይሠራሉ። ነገሩ ወደ ክርክር ከሄደ ደግሞ በአይአርኤስ ፊት ያለ ገደብ ሊቆሙልዎ የሚችሉት ጠበቃ፣ ሲፒኤ (የተመሰከረለት የሒሳብ ባለሙያ) ወይም ኢንሮልድ ኤጀንት (አይአርኤስ ፈቃድ የሰጠው የታክስ ባለሙያ) ናቸው።

6. አገር ቤት ያለ ገንዘብ፣ ዕቁብ እና ቤት

ከዚህ ክፍል ታክስ ሠሪዎች ራሳቸው ብዙ ጊዜ የሚዘሉት አለ። ከአሜሪካ ውጭ ያሉ የባንክ ሒሳቦችዎ ባንድ ላይ ተደምረው በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፉ ኤፍባር የሚባለው የውጭ ባንክ ሒሳብ ማሳወቂያ መሞላት አለበት። ከታክስ ፎርሙ ጋር አይሄድም፤ ፊንሴን በሚባለው የገንዘብ ወንጀል ተከታታይ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ለብቻው፣ በነጻ ይሞላል። ቀኑ ኤፕሪል 15 ቢሆንም ሳይጠይቁ እስከ ኦክቶበር 15 ይራዘማል።

የማን ሒሳብ ይቆጠራል የሚለው ነው የሚያደናግረው። በስምዎ ያለው ብቻ አይደለም። ከእናትዎ ጋር በጋራ የከፈቱት፣ በውክልና ማንቀሳቀስ የሚችሉት፣ ገንዘቡ የእርስዎ ሆኖ በወንድምዎ ስም የተቀመጠው ሁሉ ይገባል። ብሩን ወደ ዶላር የሚቀይሩት ትሬዠሪ (የአሜሪካ ገንዘብ ሚኒስቴር) ለዲሴምበር 31 ባወጣው ተመን ነው። ጁላይ 2024 ላይ የብር ተመን ለገበያ ከመለቀቁ በፊት 10,000 ዶላር ማለት 570 ሺህ ብር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከሚሊዮን ብር በላይ ነው። ስለዚህ በፊት የሚሞሉ የነበሩ ዛሬ ላያስፈልጋቸው ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ያልሞሉት ግን የዚያ ዓመት ግዴታ አሁንም አለ። ሳያውቁ መቅረት እንኳ በአንድ ዓመት ሪፖርት ከ10,000 ዶላር በላይ ሊያስቀጣ ይችላል። ገቢዎን በሙሉ ተናግረው ኤፍባሩን ብቻ ዘንግተው ከሆነ፣ አይአርኤስ ሳይጠይቅዎ በፊት ዘግይቶም ቢሆን ምክንያቱን ጽፎ መሙላት አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቅጣት ያልፋል። በባንክ ላለው ገንዘብ መጠኑ ከፍ ሲል፣ ለላጤ በዓመቱ መጨረሻ ከ50,000 ወይም በየትኛውም ቀን ከ75,000 ዶላር ካለፈ፣ ፎርም 8938 ከታክሱ ጋር ይጨመራል።

ቤቱ ራሱ በኤፍባር አይጻፍም። ኪራዩ ግን ገቢ ነው፤ የኪራይ ገቢ በሚጻፍበት ሼጁል ኢ ላይ ይገባል፤ ከእሱ ላይ ጥገናው፣ የጥበቃው ደሞዝ፣ የቤቱ እርጅና በ30 ዓመት ተካፍሎ ይቀነሳል። ለኢትዮጵያ የከፈሉት የኪራይ ገቢ ግብር በፎርም 1116 ስለሚታሰብልዎ ደረሰኙን ያስልኩ። እነዚህ ሁሉ ሲቀነሱ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ታክስ ጥቂት ነው፤ ለዚህ ብሎ መደበቅ አያዋጣም።

ዕቁብ። የወጣልዎት 30,000 ዶላር የራስዎ መዋጮ እስከሆነ ድረስ ገቢ አይደለም። ዳኛው ለድካሙ የሚወስደው ግን የእሱ ገቢ ነው። አደጋው ያለው ሲያስገቡ ነው። ባንክ ከ10,000 ዶላር በላይ ካሽ ሲቀበል ሪፖርት ይሞላል፤ ይህ የተለመደ ወረቀት ነው፣ ማንም አይከሰስበትም። ከዚህ ለመሸሽ ዛሬ 9,000፣ ሐሙስ 9,000፣ ሰኞ 9,000 ማስገባት ግን ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ገንዘቡ በላብ የተገኘ ንጹሕ ገንዘብ ቢሆንም። 30,000ውን ባንዴ ያስገቡ፤ የዕቁቡን መዝገብ ቅጂ፣ የአባላቱን ዝርዝርና የከፈሉበትን ቀን ይያዙ።

ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ በካሽ ወይም በመኒ ኦርደር ወደ ውጭ የሚላክ ገንዘብ ላይ 1 በመቶ ታክስ አለ፤ አስተላላፊው ድርጅት ይቆርጣል። ከአሜሪካ ባንክ ሒሳብዎ ወይም እዚህ በወጣ ዴቢት ካርድ የላኩት አይነካም።

7. ገንዘቡ ከሌለ

ፎርሙን ለማዘጋጀት ጊዜ ካጠረ ፎርም 4868 እስከ ኦክቶበር 15 ያራዝማል። የሚራዘመው መሙያው ነው እንጂ መክፈያው አይደለም፤ ስለዚህ የተቻለውን ያህል በኤፕሪል ይክፈሉ። ዳይሬክት ፔይ ላይ «ኤክስቴንሽን» ብለው ከከፈሉ ክፍያው ራሱ እንደ ማራዘሚያ ይቆጠራል።

ሞልተው መክፈል ካቃተ በአይአርኤስ አካውንትዎ የክፍያ ስምምነት ይጠይቁ። በ180 ቀን የሚጨርሱት ከሆነ የመመዝገቢያ ክፍያ የለውም። እስከ 50,000 ዶላር ላለ ዕዳ ወርሃዊ ክፍያ በኦንላይን፣ ሰው ሳያናግሩ ይጸድቃል። በሰዓቱ የሞላ ሰው ስምምነት ላይ ሳለ ያለመክፈል ቅጣቱ ወደ 0.25 በመቶ ይወርዳል። ስምምነቱን የሚያፈርሰው አንድ ወር ማሳለፍ ብቻ አይደለም፤ በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ዕዳ ማምጣትም ያፈርሳል። ስለዚህ የድሮውን በየወሩ እየከፈሉ የዘንድሮውን ቅድመ ክፍያ መዝለል ውኃ በወንፊት መቅዳት ነው።

ያለፉት ሦስት ዓመታት መዝገብዎ ንጹሕ ከሆነ የመጀመሪያውን ቅጣት በስልክ ማስነሳት ይቻላል፤ «ፈርስት ታይም አቤትመንት» ይበሏቸው። ካልጠየቁ ይሰጠኛል ብለው አይጠብቁ። በሬዲዮ «ዕዳዎን በሳንቲም እንጨርሳለን» የሚሉት ማስታወቂያዎች የሚያወሩለት ፕሮግራም እውነት አለ፤ ግን ቤት፣ መኪናና የወደፊት ገቢ ተቆጥሮ በእርግጥ መክፈል ለማይችል ሰው ነው። ቋሚ ደሞዝና ቤት ያለው ሰው ለእነሱ ከፍሎ ያንኑ ወርሃዊ ስምምነት ይዞ ይወጣል።

8. ደብዳቤው ሲመጣ

አይአርኤስ ዕዳን በስልክ አይጀምርም፤ በፖስታ ነው። ደውሎ «ፖሊስ ልከናል፣ በጊፍት ካርድ ክፈል» የሚል ሌባ ነው፤ ይዝጉበት። ደብዳቤ ሲደርስዎ ከላይ ወይም ከታች በቀኝ ጥግ ያለውን ኮድ ያንብቡ፤ ቀጥሎ የመልሱን ቀን በካላንደር ላይ ያስምሩበት። ቤት ከቀየሩ ፎርም 8822 ይላኩ፤ ወደ ድሮ አድራሻ የሄደ ደብዳቤም እንደደረሰ ሊቆጠር ይችላል።

ሲፒ 2000 ቢል አይደለም፤ «ያልተናገሩት ገቢ አግኝተናል፣ ምን ይላሉ» የሚል ጥያቄ ነው። አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን ይሰጣል። ሹፌሩ 1099-ኬውን ረስቶት ቢሆን ኖሮ ይህ ደብዳቤ 68,000ውን በሙሉ እንደ ትርፍ ቆጥሮ ይመጣል፤ ኮምፒውተሩ ስለ ማይሉም ስለ ኩባንያው ድርሻም አያውቅም። ደንግጦ «እስማማለሁ» ላይ የፈረመ ሰው የማይገባውን ይከፍላል። «አልስማማም» ላይ ምልክት አድርገው የተሞላ ሼጁል ሲ፣ የአፑን ማጠቃለያና የማይል መዝገቡን አያይዘው ይላኩ፤ በፖስታ ከሆነ በሰርቲፋይድ ሜይል።

ሲፒ 14 የመጀመሪያው ቢል ነው። ሲፒ 504 ደግሞ ትዕግሥቱ እያለቀ መሆኑን ይናገራል። ኤልቲ 11 ወይም ደብዳቤ 1058 ከመጣ ባንክና ደሞዝ ሊያዝ ነው ማለት ነው፤ በ30 ቀን ውስጥ ፎርም 12153 ከላኩ ይግባኝ እስኪሰማ መያዙ አብዛኛውን ጊዜ ይቆማል። «ኖቲስ ኦፍ ዴፊሸንሲ» (ተጨማሪ ታክስ አለብዎት የሚል ማስታወቂያ) ደግሞ 90 ቀን አለው፤ በዚያ ውስጥ ታክስ ኮርት ካልገቡ ሳይከፍሉ የመከራከር መብቱ ያልፋል። አይአርኤስ ውስጥ ያለ ማንም ሠራተኛ ያን ቀን ሊያራዝምልዎ ሥልጣን የለውም፤ «ቆይ እናየዋለን» ቢልዎትም አይመኑት።

ሲደውሉ በአስተርጓሚ ማነጋገር ይቻላል፤ ገና ሲጀምሩ ይጠይቁ። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ በአይአርኤስ ፊት በነጻ ወይም በጥቂት ክፍያ የሚቆሙ ኤልአይቲሲ የሚባሉ ክሊኒኮች አሉ፤ አብዛኞቹ በሕግ ትምህርት ቤቶችና በሕግ እርዳታ ድርጅቶች ውስጥ ናቸው።

9. ያልተሞሉ ዓመታት ካሉ

ለመመርመር አይአርኤስ በተለመደው 3 ዓመት አለው፤ ከገቢው ከሩብ በላይ ከተተወ 6 ዓመት። ላልተሞላ ዓመት ግን ሰዓቱ መቁጠር አይጀምርም። ሃያ ዓመት ቢያልፍም ክፍት ነው። ይባስ ብሎ አይአርኤስ ራሱ ሊሞላልዎ ይችላል፤ ያኔ ልጆችዎንም ወጪዎንም አያስብልዎትም።

አካሄዱ ይህ ነው፦ የየዓመቱን የገቢ ትራንስክሪፕት ያውርዱ፤ ከቅርቡ ዓመት ጀምረው ወደኋላ ይሂዱ፤ በአሠራሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው የመጨረሻው ስድስት ዓመት ነው። እያንዳንዱን በዚያ ዓመት ፎርምና በዚያ ዓመት ተመን ይሙሉ። ሁሉም ከገባ በኋላ ለጠቅላላው ዕዳ አንድ ስምምነት ይጠይቁ፤ አንድ ዓመት እንኳ ከቀረ አይፈቀድም። ታክሱ ከተወሰነበት ቀን ጀምሮ የመሰብሰቢያው ጊዜ 10 ዓመት ነው፤ ይህም ቢሆን ታክሱ ካልተወሰነ መቁጠር አይጀምርም።

ቤተሰብ ለማምጣት የሚሞላው አይ-864 የመጨረሻውን ዓመት ታክስ ይጠይቃል። ዜግነት የሚጠየቅበት ኤን-400 ደግሞ ግሪን ካርድ ካገኙ ወዲህ «ነዋሪ አይደለሁም» ብለው ታክስ ሳይሞሉ ቀርተው እንደሆነና ጊዜው ያለፈ ያልተከፈለ ታክስ መኖሩን ይጠይቃል። ዕዳ ያለበት ሰው ዜግነት አያገኝም ማለት አይደለም። የስምምነት ደብዳቤውን፣ የመጨረሻዎቹን ወራት የክፍያ ማስረጃና ከአይአርኤስ የወጣ ትራንስክሪፕት ይዞ ይገባል። ዕዳው በ2025 ከ64,000 ዶላር በላይ ሆኖ ያለ ስምምነት የተተወ ከሆነ ግን ዜጋ ለሆነውም ፓስፖርት ሊከለከል ይችላል፤ ይህን ብዙ ሰው የሚሰማው ትኬት ከቆረጠ በኋላ ነው።